የሐዘን ፍጻሜ የማን ውሳኔ ነው? የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች አጨራረስ ታሪክ

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሴሚናር ላይ ስለ ልቦለድ አጨራረስ ስንወያይ፣ አንድ ተማሪ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ስለሚተርኩ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ጠየቀኝ። እኔም እስከዚያ ጊዜ ያነበብኋቸውን ሦስት አራት መጻሕፍት መሠረት አድርጌ፣ እነዚህ ልቦለዶች በሞት፣ በእብደት ወይም በመለያየት እንደሚደመደሙ፣ ይህም የሚተርኩት ፍቅር በባሕርዩ ፍሬ የማያፈራ ለመሆኑ ደራሲዎቹ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት እንደሆነ ተናገርሁ። ተማሪው በማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ውይይቱም ወደ ሌላ ርእስ አለፈ።

ቆየት ብዬ የእነዚያኑ መጻሕፍት የኅትመት ታሪክ ስመረምር ግን የሰጠሁት ፍርድ መሠረት እንዳልነበረው ተረዳሁ። ብዙዎቹ በሐዘን መደምደማቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፍጻሜውን የወሰነው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ሲሆን፣ በጥቂት የታወቁ ሥራዎች አማካይነት የአጨራረሱ ታሪክ ከሕግና ከኅትመት ታሪክ ተነጥሎ ሊነበብ እንደማይችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ አጠራር ጥቂት ልበል። በአማርኛ የተለመደው «ግብረ ሰዶም» የሚለው ስያሜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተገኘ በመሆኑ፣ ነገሩን ከመግለጹ በፊት ይፈርድበታል፤ የሚጠራውም ድርጊትን እንጂ ስሜትን አይደለም። ልቦለዶቹ በአብዛኛው የሚተርኩት ደግሞ ስለ መውደድ፣ ስለ መቅናት፣ ስለ መክዳትና አብሮ ስለ መኖር ነው። በመሆኑም «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» የሚለውን ገላጭ ሐረግ መርጫለሁ። ዓመታቱም የአማርኛ መጻሕፍትንና የአገራችንን ሕግ ከሚመለከቱት በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከዋይልድ ችሎት እስከ ፎርስተር መሳቢያ

በእንግሊዝ አገር በ1885 የወጣው የወንጀል ሕግ ማሻሻያ አዋጅ 11ኛ አንቀጽ፣ በወንዶች መካከል የሚፈጸምን የ«ነውር» ድርጊት፣ በስውር የተፈጸመ ቢሆን እንኳ፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አድርጎት ነበር። ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር የተፈረደበት በዚሁ አንቀጽ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚያስተምረው ከዚያ በፊት የተካሄደው ክርክር ነው። ዋይልድ የኩዊንስቤሪን ማርኲስ በስም ማጥፋት በከሰሰበት ችሎት፣ የተከሳሹ ጠበቃ ኤድዋርድ ካርሰን «የዶሪያን ግሬይ ምስል» የተሰኘውን ልቦለድ እንደ ማስረጃ አድርጎ ደራሲውን በጥያቄ አፋጠጠው። ልቦለዱ በ1890 በመጽሔት ከወጣ በኋላ በ1891 በመጽሐፍ መልክ ሲታተም፣ ሠዓሊው ባሲል ለዶሪያን ያለው ስሜት የተገለጸባቸው ቦታዎች እንዲለዝቡ ተደርጎ ነበር። ካርሰን የተጠቀመው ያልለዘበውን የመጽሔቱን ቅጂ ነው። ዶሪያን በታሪኩ መጨረሻ መሞቱም ለዋይልድ አልጠቀመውም። ከዚያ በኋላ ለመጡ ደራሲዎች የተረፈው ትምህርት፣ ገጸ ባሕርይ የተናገረው ቃል በደራሲው ላይ ምስክር ሆኖ ሊቆም መቻሉ ነው።

ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ»ን የጻፈው ይህ ትምህርት ገና ባልተረሳበት ጊዜ ነው። በ1913፣ ከወንድ ጓደኛው ጋር በግልጽ ይኖር የነበረውን ጸሐፊ ኤድዋርድ ካርፔንተርን ከጎበኘ በኋላ ጀመረው፤ በ1914 ጨረሰው። ሞሪስ ሆል በአክሲዮን ድለላ የሚተዳደር፣ ከመካከለኛው መደብ የተወለደ፣ ብዙም የማይመራመር ሰው ነው። በኬምብሪጅ ተማሪ ሳለ ክላይቭ ደራም ከተባለ ጓደኛው ጋር ይፋቀራል፤ ክላይቭ ግን ወደ ግሪክ ከሄደ በኋላ ስሜቱ ይለወጥና ሚስት ያገባል። ሞሪስ «ለመዳን» ሲል ሐኪም ያማክራል፤ ኋላም ሰውን በማፍዘዝ የሚያክም ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል። ባለሙያው ሕክምናው እንዳልሠራ ሲረዳ የሚሰጠው ምክር፣ ድርጊቱ ወንጀል ወዳልሆነበት አገር፣ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ኢጣሊያ እንዲሄድ ነው። በመጨረሻ ሞሪስ በክላይቭ ርስት ላይ የአደን ሥፍራ ጠባቂ ከሆነው ከአሌክ ስከደር ጋር ይፋቀራል። አሌክ ወደ አርጀንቲና የሚወስደውን መርከብ ትቶ ይቀራል፤ ሁለቱም የነበራቸውን ጥለው አብረው ይሰወራሉ።

ፎርስተር በ1960 በጻፈው የመዝጊያ ማስታወሻ ስለዚህ ፍጻሜ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው፣ የደስታ ፍጻሜ ለእርሱ የግድ እንደነበረና ቢያንስ በልቦለድ ዓለም ሁለት ወንዶች ተፋቅረው እንዲዘልቁ ቆርጦ መነሣቱን ነው። ሁለተኛው፣ መጽሐፉን ለማሳተም አዳጋች ያደረገው ይኸው ፍጻሜ መሆኑን ነው። ታሪኩ በተሰቀለ ወጣት ወይም አብሮ ራስን በማጥፋት ቢደመደም ኖሮ እንቅፋት እንዳልነበረበት ያምናል፤ ፍቅረኞቹ ሳይቀጡ በመቅረታቸው ግን መጽሐፉ ወንጀልን የሚያበረታታ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ በሴሚናሩ ላይ የደራሲዎች ምስክርነት ነው ያልሁት ሐዘን፣ በፎርስተር ዐይን ሲታይ ለኅትመት የሚከፈል ቀረጥ ሆኖ ተገኘ። እርሱ ቀረጡን አልከፈለም፤ ስለዚህም አላሳተመም። የብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመው የዎልፈንደን ኮሚቴ በ1957 ሕጉ እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረበ፤ በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በላይ በሆነ ወንዶች መካከል በግል የሚፈጸም ድርጊት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው። ፎርስተር በ1970 ሞተ፤ «ሞሪስ» በ1971 ታተመ። ከተጠናቀቀ 57 ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጽሑፉ በወዳጆች መካከል በታይፕ ቅጂ ሲዘዋወር፣ ደራሲውም ደጋግሞ ሲያርመው ቆይቷል።

2. 1928፦ ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት ዕጣ

የፎርስተር ስጋት ከፍርሃት ብቻ የመነጨ እንዳልነበረ በ1928 የተፈጸመው ድርጊት ያሳያል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የራድክሊፍ ሆል «የብቸኝነት ጉድጓድ» ለንደን ውስጥ ታተመ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ስቲፈን ጎርደን የወንድ ስም የወጣላት፣ ሴት የምትወድ ደራሲ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ አምቡላንስ ስትነዳ ሜሪን ታገኛለች፤ አብረውም ይኖራሉ። በመጨረሻ ግን ስቲፈን ለሜሪ «የተሻለ ኑሮ» ስትል ሌላ ሴት እንደያዘች አስመስላ ታርቃታለች፤ ሜሪንም ለአንድ ወንድ ትተዋታለች። ልቦለዱ የሚዘጋው ስቲፈን ወደ እግዚአብሔር በምታሰማው ጩኸት ነው።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ቀረጡን በሙሉ የከፈለ ነበር። ሆኖም የሰንደይ ኤክስፕረስ ጋዜጣ አዘጋጅ ጄምስ ዳግላስ በነሐሴ ወር ዘመቻ ከፈተበት፤ ጉዳዩም ለፍርድ ቤት ቀረበ። ፎርስተርንና ቨርጂኒያ ዉልፍን ጨምሮ ብዙ ታዋቂ ሰዎች ለመመስከር ዝግጁ ነበሩ። ዳኛው ሰር ቻርትረስ ቢሮን ግን መጽሐፉ ጸያፍ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው በማለት የሥነ ጽሑፍ ምስክሮችን አልሰማም። በኅዳር ወር መጽሐፉ እንዲወድም ተወሰነ። የውሳኔው አካሄድ ለጥያቄያችን ጠቃሚ ነው። ዳኛው ርእሰ ጉዳዩ ብቻውን መጽሐፉን ጸያፍ አያሰኘውም፤ ጥፋቱ በታሪኩ ውስጥ እነዚህ ሴቶች የሚወቀሱበት አንድም ቦታ አለመኖሩ ነው አለ። በሌላ አነጋገር ሐዘን አልበቃም፤ ወቀሳም ይፈለግ ነበር። ስቲፈን የምታዝነው ስለ በደሏ ሳይሆን ስለ ተበደለችው ነው፤ ዳኛውም ይህን ልዩነት አልሳተውም። ከብዙ ሐያስያን ይልቅ ጥሩ አንባቢ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዉልፍ «ኦርላንዶ» ታተመ። መታሰቢያነቱ ለቪታ ሳክቪል ዌስት የተሰጠ ሲሆን፣ ባለታሪኩ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ተነሥቶ እስከ 1928 ይኖራል፤ በመካከሉም ከወንድነት ወደ ሴትነት ይለወጣል። ማንም አልነካውም። ዉልፍ ነገሩን በቀልድና በተረት ልብስ ሸፍና አሳለፈችው። የእኛን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በቀጥታ ቢነገር የሚያስቀጣ ቃል በሰም ተሸፍኖ ሲያልፍ በቅኔ ትምህርት አይተናል። ሆል ወርቁን ያለ ሰም አቀረበች፤ ዉልፍ ሰሙን አበዛች።

3. የአሜሪካ ፖስታ ቤትና የአጨራረስ ዋጋ

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ቀረጡን የሚሰበስበው ሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ እናገኘዋለን። ከ1873 ጀምሮ የኮምስቶክ ሕግ ተብሎ በሚታወቀው ድንጋጌ መሠረት ጸያፍ የተባለን ጽሑፍ በፖስታ መላክ ወንጀል ነበር። አሳታሚ መጽሐፉን የሚያሰራጨው በአብዛኛው በፖስታ በመሆኑ፣ የፖስታ ተቆጣጣሪ ከማንም ሐያሲ ይበልጥ ይፈራ ነበር።

በ1952 ማሪጄን ሚከር ቪን ፓከር በሚል የብዕር ስም «የጸደይ እሳት» የተሰኘ ርካሽ ልባስ ያለው ልቦለድ አሳተመች። ታሪኩ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ በፍቅር የወደቁ የሁለት ልጃገረዶች ነው። ሚከር ከዓመታት በኋላ እንዳስረዳችው፣ አርታኢዋ ከመነሻው ያስጠነቀቃት ፍጻሜው የደስታ ሊሆን እንደማይችል ነው፤ አለዚያ ፖስታ ቤቱ መጽሐፉን ይይዘዋል። በመሆኑም አንደኛዋ ልጅ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ትገባለች፤ ሁለተኛዋም ከቶ አልወደድኋትም ብላ ትደመድማለች። እብደቱ ከገጸ ባሕርይዋ የመጣ ሳይሆን ከአርታኢው ጠረጴዛ የመጣ መሆኑን ከደራሲዋ አንደበት ስንሰማ፣ የሐዘን ፍጻሜን እንደ ደራሲ እምነት መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ ይሆናል።

በዚያው በ1952 ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «የጨው ዋጋ»ን ክሌር ሞርጋን በሚል ስም አሳተመች። የመጀመሪያ ልቦለድዋን ያሳተመው ድርጅት ይህኛውን አልተቀበለውም። በሱቅ ሻጭነት የምትሠራው ወጣት ቴሬዝና ባሏን በመፍታት ላይ ያለችው ካሮል ይፋቀራሉ፤ የካሮል ባል የቀጠረው የግል መርማሪ ተከታትሎ ማስረጃ ይሰበስብባቸዋል፤ ካሮልም በዚህ ምክንያት ልጇን የማሳደግ መብቷን ታጣለች። በመጨረሻ ግን ቴሬዝ ወደ ካሮል ተመልሳ ስትሄድ ታሪኩ ይዘጋል። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚኖሩ ተስፋ አለ፤ ይሁንና የተከፈለው ዋጋ ሕፃን ልጅ ናት። «የደስታ ፍጻሜ» የሚለው አነጋገር ለዚህ መጽሐፍ የሚጠበው ለዚህ ነው። በ1953 በርካሽ ልባስ ሲታተም እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ ደራሲዋም የምስጋና ደብዳቤዎች ለብዙ ጊዜ እንደጎረፉላት ጽፋለች። ራሷ በስሟ ያሳተመችው ግን በ1990 «ካሮል» በሚል ርእስ ነው፤ 38 ዓመት ቆይታ ማለት ነው።

ፖስታ ቤቱ ፍጻሜን ይቆጣጠር ነበር የሚለው አባባል ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ልጨምር። በሎስ አንጀለስ ይታተም የነበረው «ዋን» የተባለ መጽሔት የጥቅምት 1954 እትሙ በፖስታ እንዳይላክ ታገደ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1957 እገዳውን ሲያጸድቅ ጸያፍ ናቸው ካላቸው ጽሑፎች አንዱ አጭር ልቦለድ ነበር። በፍርዱ ላይ የተጠቀሰውም የታሪኩ ፍጻሜ ነው፤ አንዲት ወጣት ሴት ወንድ የማግባት ዕድሏን ትታ ከምትወዳት ሴት ጋር ለመኖር መወሰኗ። ልጅቷ ወንዱን መርጣ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ምን ሊል እንደሚችል አንባቢ ይገምት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1958 ይህን ውሳኔ በአጭር ትእዛዝ ሻረው። ሐያስያን ብዙም የማያነሡት ይህ ትእዛዝ፣ በእኔ አስተያየት፣ በአሜሪካ የልቦለድ ታሪክ ውስጥ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

4. ሐዘን ሁሉ አንድ አይደለም

እስካሁን ካልሁት በመነሣት የሐዘን ፍጻሜ ሁሉ የግዳጅ ነው ብሎ መደምደም ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ገልብጦ መድገም ይሆናል። የጄምስ ባልድዊን «የጆቫኒ ክፍል» (1956) ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። ባልድዊን የሃርለም ተወላጅ ጥቁር ደራሲ ሲሆን፣ ይህ ሁለተኛ ልቦለዱ ነው። ዋና ዋና ገጸ ባሕርያቱ ነጮች ናቸው። የቀድሞ አሳታሚው አልቀበልም ስላለው በሌላ ድርጅት ታተመ።

ተራኪው ዳቪድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጆቫኒ ከተባለ ኢጣሊያዊ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ጋር ይፋቀራል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረው ይኖራሉ። እጮኛው ስትመለስ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጥሎት ይሄዳል። ጆቫኒ ሥራ ያጣል፣ ይራባል፣ በመጨረሻም ሰው ገድሎ ሞት ይፈረድበታል። ታሪኩ የሚተረከው ሊገደል በተቃረበበት ሌሊት ነው።

በላይ ላዩ ሲታይ ይህ አርታኢ ያዘዘው ፍጻሜ ይመስላል። ነገር ግን መቼቱን እንመልከት። በፈረንሳይ ከ1791 አብዮታዊ ሕግ ወዲህ በፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል የሚፈጸመው ድርጊት በራሱ ወንጀል አልነበረም። የሞሪስ ሐኪም «ወደዚያ ሂድ» ያለው አገር ይህ ነው። ባልድዊን ዳቪድን ሕጉ ወደማይነካው ቦታ ወስዶ ሳለ ዳቪድ አሁንም ይፈራል፤ አሳዳጁን በውስጡ ይዞ ተሻግሯልና። ጆቫኒን ያጠፋው መውደዱ ሳይሆን ዳቪድ መውደድ አለመድፈሩ ነው። ይህ ሐዘን ከታሪኩ አጥንት የወጣ እንጂ በላዩ የተለጠፈ አይደለም። ልዩነቱን ለመለየት የምጠቀምበት መመዘኛ ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብናነሣው የቀረው ታሪክ ወዴት ያመራ ነበር? «የጸደይ እሳት» ወደ ሌላ ቦታ ያመራ ነበር። «የጆቫኒ ክፍል» ግን ወደዚያው ወደ ሞቱ ማለዳ ይደርሳል።

5. ከፍጻሜ በኋላ ያለው ኑሮ

ለ«ሞሪስ» ያለኝን አክብሮት ያህል በአንድ ነገር አልስማማበትም። ሞሪስና አሌክ ወደ ጫካ ገብተው ይሰወራሉ፤ እንዴት እንደሚኖሩ አናይም። ፎርስተር ከዓመታት በኋላ ሁለቱ እንጨት ቆራጮች ሆነው የሞሪስ እኅት ስታገኛቸው የሚያሳይ ማሳረጊያ ጽፎ ነበር፤ በኋላ ግን ጣለው። ወዳጁ ሊተን ስትሬቺ የእነዚህ ሰዎች ግንኙነት ብዙ እንደማይዘልቅ ነግሮታል። ልቦለዱ ለዚህ ጥርጣሬ መልስ የለውም። ተፋቅሮ መገናኘትን እስከ መጨረሻው ታግሎለታል፤ ማክሰኞ ጧት ምን እንደሚመስል ግን አላሳየንም።

ያን የሚያሳየው የክሪስቶፈር ኢሸርዉድ «አንድ ነጠላ ሰው» (1964) ነው። ጆርጅ የተባለ በካሊፎርኒያ የሚያስተምር እንግሊዛዊ መምህር አብሮት ይኖር የነበረው ጂም በመኪና አደጋ ሞቶበታል። ልቦለዱ የጆርጅን አንድ ቀን ይከተላል፤ ጂም በሌለበት ቤት መነሣት፣ ማስተማር፣ መብላት፣ መተኛት። ጎረቤቶቹ ስለ ሐዘኑ አያውቁም፤ የሚያስተዛዝነው ለቅሶ ደራሽ የለም። እዚህ ላይ ሞት አለ፤ ቅጣት ግን አይደለም። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ ይነካኩ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሐዘን ነው። አብሮ የመኖርን ታሪክ አብሮ መኖር ካበቃ በኋላ ማንበባችን የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ትዳር የሚመስለው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከልቦለድ ወደ ምክር መጻሕፍትም ተሻገረ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን ከአእምሮ ሕመም መዝገብ አወጣ። ቀደም ሲል ስለነዚህ ሰዎች ትስስር የሚጽፈው በአብዛኛው ሐኪም ነበር፤ የሚጽፈውም ስለ መዳን ነበር። በ1984 ዴቪድ ማክዎርተርና አንድሩ ማቲሰን፣ ራሳቸውም አብረው የሚኖሩ ሁለት ባለሙያዎች፣ 156 ጥንዶችን አጥንተው አብሮ የመኖርን ሂደት በስድስት ደረጃዎች ከፍለው አቀረቡ። በ1988 ደግሞ ቤቲ በርዞን ስለ ዘላቂ ጓደኝነት መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አወጣች። እነዚህን መጻሕፍት ያለ ተቃውሞ አላነብም። ደረጃዎቹ እጅግ የተስተካከሉ ናቸው፤ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ክፍል እየተመረቀ የሚያልፍባቸው ይመስላሉ። የአንድ አካባቢ ጥንዶች ኑሮም የሁሉም መስፈርት ሊሆን አይችልም። ሆኖም የገንዘብ አያያዝን፣ የቤት ሥራ ክፍፍልን፣ ኩርፊያንና እርቅን ሲዘረዝሩ፣ ስትሬቺ ለፎርስተር ላነሣው ጥርጣሬ ከልቦለዱ ይልቅ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣሉ።

ማጠቃለያ

ወደ ራሳችን ንባብ ልመለስ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) ስናስተምር በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሳይጋቡ መሞታቸውን አንሥተን፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በወንድና በሴት መካከል ያለ ፍቅር ከንቱ ነው ብለዋል የሚል ተማሪ ቢኖር አንቀበለውም። የገደላቸው የመደብ ልዩነትና የዘመኑ ሥርዓት ነው ብለን እናርመዋለን። እኔ በዚያ ሴሚናር ላይ ለሌሎቹ መጻሕፍት ይህንኑ ፍትሕ ነፈግኋቸው። አንዱን ሐዘን የሥርዓት ክስ፣ ሌላውን ሐዘን የፍቅሩ ባሕርይ አድርጌ አነበብሁ። በአገራችን የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ድርጊቱን እንደሚያስቀጣ የታወቀ ነው፤ ስለሆነም ከ1967 በፊት የነበረው እንግሊዛዊ ደራሲ ብዕሩን ሲያነሣ ምን ይታየው እንደነበረ መገመት ለእኛ ሊከብደን አይገባም ነበር። «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ከገበያ ሲሰበሰብ ያየ አንባቢ ደግሞ መጽሐፍ ስለ አጨራረሱም ስለ መካከሉም ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ አንድን የሐዘን ፍጻሜ ከመተርጎማችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ሌላ ፍጻሜ ሊታተም ይችል ነበርን? ፍጻሜው ከገጸ ባሕርያቱ ምርጫ ይመነጫል ወይስ በድንገት ይደርስባቸዋል? ደራሲው በኋላ ዘመን ነጻ ሲሆን ስለዚያ ፍጻሜ ምን አለ? ሦስቱም ጥያቄዎች ለእንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን በሳንሱር ዘመን ለታተሙ የአማርኛ ልቦለዶችም ይሠራሉ፤ ያ ጥናት ገና የሚጠበቅ ነው።

የጠየቀኝ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ከገባ፣ በዚያ ቀን በማስታወሻው ላይ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር እንዲሰርዝልኝ እለምነዋለሁ።